ለቅንጭብ አጥርና ለጫት ገረባ የትኛው ማሽን?

በደሳ በኦሮምኛ የዛፍ ስም ነው፤ በአማርኛ ዶቅማ የምንለው። በዛፍ ስም የምትጠራ ከተማ ደግሞ የሚቆረጥ ቅርንጫፍ አታጣም። ከጭሮ ተነስቶ በበደሳ በኩል ወደ ገለምሶና መቻራ የተጓዘ ሰው ያውቀዋል፤ ግራ ቀኙ ጫት ነው፣ ቡና ነው፣ ማሽላ ነው። በየግቢው ዙሪያ ደግሞ ቅንጭቡና ቁልቋሉ ተደርድሯል። ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ይሄ ሁሉ ወደ መንገዱ ይዘረጋል። ያኔ ገጀራ ይሳላል። (ገጀራ የማይነካው ዛፍ ቢኖር ኦዳው ብቻ ነው። የኢቱ ኦሮሞ የገዳ ጉባኤ የሚቀመጥበት ኦዳ ቡልቱም የሚገኘው በዚሁ አካባቢ ነው።)

ችግሩ መቁረጡ አይደለም። የተቆረጠው የት ይግባ ነው ጥያቄው።

በእርግጥ ሐረርጌ ውስጥ «ቆሻሻ» ተብሎ የሚጣል ነገር ጥቂት ነው። ወፈር ያለው ግንድ ምድጃ ይገባል። የማሽላው አገዳ ለከብት ይሰጣል፣ ይነደዳል፣ ጎጆ ይሠራበታል። የጫቱ ገረባ ለፍየልና ለላም ይቀርባል፤ ፍየሎቹም ከሰው ባልተናነሰ ይወዱታል። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ይህንኑ ገረባ ለፍየል መኖነት ሞክረውታል። ታዲያ ከዚህ ሁሉ ተርፎ የሚቀረው ምንድነው? ቅንጭቡ፣ የወፍ ቆሎው፣ እሾሁ፣ ከብት ቀንጥቦ የሚተወው የገረባው እንጨት። እሱ ነው ቦይ ውስጥ የሚጣለው፣ ማታ ማታ እየጨሰ ሰፈሩን የሚያሳስለው፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ውኃ መውረጃውን የሚደፍነው።

ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ አንድ የበደሳ ወጣት ነው። አጥር አለው፤ ከአባቱ የወረሰው ጥቂት ቡናና ጫት አለው። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ያለች የአክስቱ ልጅ «ቅርንጫፍ የሚፈጭ ማሽን ልላክልህ፤ እዚህ ጎረቤቶቼ ሁሉ አላቸው» ብላዋለች። «ጋሼ፣ የሦስት ዓይነት ፎቶ ላከችልኝ፤ የትኛውን ልበላት?» አለኝ በስልክ። «አንዱንም አትበላት» ልለው ዳድቶኝ ነበር። ግን ስጦታ ለመጣለት ሰው እንዲህ ተብሎ አይመለስም። ስለዚህ መጀመሪያ ማሽኑን ምን ልታበላው እንደሆነ ንገረኝ አልኩት። ዘረዘረልኝ። ከዘረዘረልኝ ውስጥ እነዚያ ፎቶ ላይ ያሉት ማሽኖች የተሠሩለት ነገር ከግማሽ በታች ነው።

ቀላሉን አስቀድመን እንጨርስ፤ መብራቱን። አሜሪካ ቤት ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ከዚያ የመጣውን በቀጥታ የሰካ ሰው ሞተሩን አቃጠለ ማለት ነው። ትራንስፎርመር ይገዛል ቢባል፣ ለ1,800 ዋት ሞተር የሚበቃ ትራንስፎርመር ራሱን የቻለ ከባድ ዕቃ ነው። ቮልቱን ቢያስተካክልም 60ውን ኸርዝ አያመጣውም፤ ስለዚህ አንዳንዱ ሞተር ከተሠራለት ፍጥነት አንድ ስድስተኛውን አጥቶ ይዞራል። ከአውሮፓ፣ ከዱባይ ወይም ከቻይና የሚመጣው በዚህ በኩል ሰላም ነው።

ሰላም ነው ስል ግን ነገሩ እዚያ አያበቃም። 2,500 ዋት የሚል ማሽን ከ220 ቮልት ላይ ከ11 አምፔር በላይ ይስባል። ብዙ ቤት ውስጥ ያለው ብሬከር 10 አምፔር ነው፤ ማሽኑ ገና ወፈር ያለ ነገር ሲነክስ ይወርዳል። ማሽኑ ደግሞ የሚሠራው ጓሮ ነው፤ ስለዚህ ረጅም ገመድ ይጎተታል። 50 ሜትር የሆነ ቀጭን፣ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ገመድ በዚህ ጭነት 13 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይበላል። ገመዱ 2.5 ቢሆን የሚበላው ወደ 8 ቮልት ዝቅ ይላል። መብራቱ ራሱ በሚደክምበት ሰዓት ይሄ ሲደመር፣ ሞተሩ እየጮኸ አይዞርም፣ ይግላል፣ ይሸታል። ጄኔሬተር ካለ ደግሞ 2.5 ኪሎ ዋት ለሆነ ሞተር 2.5 ኪሎ ዋት ጄኔሬተር አይበቃም፤ ሲነሳ የሚስበው ብዙ ስለሆነ እጥፉን ማሰብ ነው።

«እንግዲያው የቤንዚኑን ትላክልኛ!» አለኝ። የቤንዚኑ ከመብራት ጣጣ ያወጣል፤ እውነት ነው። ግን ማደያ ላይ በጀሪካን አይቀዳም በተባለ ሳምንት ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሌላም አለ፤ ሻጭ የማይነግረው። በደሳ ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ተራ የካርቡሬተር ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ 7 የፈረስ ጉልበት የተባለው በደሳ ሲደርስ 6 እንኳን አይሞላም። የሚገዛ ሰው ይችን ቀንሶ ይግዛ።

አሁን ወደ ማሽኖቹ። ሦስቱ ፎቶዎች ሦስት የተለያየ ነገር ናቸው።

የመጀመሪያው ዲስክ ላይ የታሰረ ቢላ ያለው፣ በደቂቃ 2,800 ጊዜ ገደማ የሚዞር ነው። ይጮኻል። ደረቅና ቀጥ ያለ ጭራሮ ሲሰጡት ደስ ይለዋል፤ እርጥብ ቅጠል የበዛበት ነገር ሲገባበት ግን አፉ ይዘጋል፤ አጥፍቶ፣ ፈትቶ፣ ጠርጎ እንደገና መጀመር ነው። ሁለተኛው በጥርስ የተሠራ ከባድ ጥቅል ያለው ነው፤ በዝግታ ይዞራል፣ ቅርንጫፉን ራሱ እየሳበ ጨፍልቆ ይቆርጠዋል። ድምፁ ትንሽ ነው፤ የተጨፈለቀው እንጨት ጭረቱ ስለሚከፈት ኮምፖስት ውስጥ ቶሎ ይበሰብሳል። ለቡና ጭራሮና ለጫት እንጨት ከሦስቱ የሚሻለው ይሄ ነው። ለስላሳና ልጥ የሚሆን ነገር ላይ ግን ቆርጦ አይጨርስም፤ አገዳውን እንደ ገመድ አላልቶ ይተወዋል። ሦስተኛው የቤንዚን ሞተር ያለበት፣ በከበሮ ላይ ቢላ የተገጠመለት ነው፤ ጉልበታም ነው፣ ውድ ነው፣ ለባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ የተሠራ ነው። በደሳ ውስጥ ግን የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ የሚጥል ሰው ማን አይቷል? ተሸጦ ያልቃል።

ካርቶኑ ላይ «እስከ 45 ሚሊ ሜትር» የሚለውን ደግሞ ማንም ቃል በቃል አይመነው። አንድ ጊዜ ይቆርጣል ማለት ነው እንጂ ቀኑን ሙሉ ይቆርጣል ማለት አይደለም። ቀኑን ሙሉ የሚቆርጠው የዚያን ግማሽ፣ ማለትም የአውራ ጣት ውፍረት ያህል ነው። ቡና ሲጎነደል፣ ከመሬት 30 እና 40 ሴንቲ ሜትር መካከል አዘንብለው ሲቆርጡት፣ የሚወድቀው ግንድ ከዚህ በጣም ይወፍራል። ይወፍር፤ እሱ ማገዶ ነው፣ ማሽን ምን ያደርግለታል። ወደ ማሽን የሚሄደው ጫፉና ጭራሮው ነው።

ቅንጭቡ ግን ለብቻው ነው። አጥር ሲሆን እንደሱ ያለ የለም፤ ውኃ አይጠይቅም፣ ከብት አይደፍረውም፣ ሰካ አድርገው የተውት ቁራጭ ይበቅላል። ሲቆረጥ የሚወጣው ነጭ ወተት ግን መርዝ ነው። ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ያሳብጣል፣ ለቀናት ማየት ሊከለክል ይችላል፤ ካልታከመ ደግሞ የዓይንን ብሌን ይጎዳል። በገጀራ የሚቆርጥ ሰው ፊቱን አዙሮ፣ ነፋሱን አይቶ ነው የሚቆርጠው፤ አባቶች ይህን ያውቃሉ። አሁን ያንኑ ቅንጭብ በደቂቃ 2,800 ጊዜ የሚዞር ዲስክ ውስጥ ክተቱት እስቲ። ወተቱ በጠብታ ሳይሆን እንደ ጉም ይወጣል። ማሽኑ አጠገብ የቆመው ሰው ብቻ ሳይሆን ግቢው ውስጥ ያለ ሕፃን ሁሉ ይደርሰዋል። ሲደርቅ ደግሞ ወተቱ እንደ ሙጫ ቢላው ላይ ይጋገራል። ሚኒሶታ ያለው ፋብሪካ መመሪያው ላይ ይህን አልጻፈም፤ አጥሩ ምን እንደሆነ መች አይቶ።

ስለዚህ ለቅንጭብ የምመክረው ማሽን የለም። በገጀራ ክንድ ክንድ አድርጎ ቆርጦ፣ ከልጅና ከከብት ርቆ፣ ድንጋይ ላይ ለሳምንታት ማድረቅ፤ አፈር ከነካ መልሶ ይበቅላልና። ከደረቀ በኋላ መጠኑ በጣም ይቀንሳል። ዓይን ከነካ ግን ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውኃ ቢያንስ ለሩብ ሰዓት ማጠብና ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፤ «ይተወኛል» ብሎ ማደር የለም።

የወፍ ቆሎም እንዲሁ አደራ ይፈልጋል። አበባው ያምራል፣ አጥር ብለው የተከሉት ብዙዎች ናቸው፤ ወፍ ፍሬውን በልታ ዘሩን ተራራ ለተራራ ታዳርሰዋለች። ቅጠሉ ለከብት መርዝ ነው። ተከትፎ ከመኖ ጋር ከተቀላቀለ ከብቱ መርጦ የሚተወው ነገር አይኖርም። ሳይከተፍ ሲቀር እኮ በሬውም ፍየሏም አሽትተው ያልፉታል። ማሽን ይህን የእንስሳ ጥበብ ያጠፋዋል። ስለዚህ የወፍ ቆሎ የተከተፈበት ማሽን ሳይጠረግ መኖ አይከተፍበትም። ፍሬ ይዞ ከሆነ ደግሞ ጉዝጓዝ አድርጎ ማሳ ላይ መበተን መዝራት ነው።

ቡናም ላይ አንድ ነገር አለ። ከሥሩ ጀምሮ በፈንገስ በሽታ ጠውልጎ የደረቀ የቡና ዛፍ ካለ፣ ያ ዛፍ ነቅሎ እዚያው ማቃጠል ነው ምክሩ። ፈንገሱ በእንጨቱ ላይ ይቆያል፤ በገጀራም በአፈርም ይተላለፋል። እንግዲህ እሱን ከትፎ ለጤነኛው ቡና ጉዝጓዝ ማድረግ በሽታውን በጆንያ ማከፋፈል ነው። ጠውልጎ የሞተውንና ለጉንደላ የተቆረጠውን መለየት ያቃተው ሰው መጀመሪያ የመቻራ ግብርና ምርምር ማዕከል ወይም የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ዘንድ ቢጠይቅ ይሻለዋል። የግራር እሾህ ደግሞ ተከትፎም እሾህ ነው፤ ባዶ እግሩን ማሳ ውስጥ የሚገባ ሰው ባለበት አገር ጉዝጓዝ አይሆንም።

ይሄ ሁሉ ተቀንሶ ምን ቀረ? የቡና ጭራሮ፣ የጫት እንጨት፣ የማሽላና የበቆሎ አገዳ። ይሄ ደግሞ ትንሽ አይደለም። የምዕራብ ሐረርጌ ገበሬ ዋና ሀብት ያለው እዚህ ውስጥ ነው። የሐረር ሰንጋ የሚባለው በሬ የሚወፍረው ሜዳ ላይ ተለቅቆ ሳይሆን ደጃፍ ታስሮ፣ አገዳና ቅጠል በእጅ እየቀረበለት ነው። አገዳው ሙሉውን ሲሰጠው በሬው ቅጠሉን ልጦ፣ ወፍራሙን ረግጦ ይተዋል። ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ተቆራርጦ ሲሰጠው ከሚጣለው ብዙው ይበላል። (ከዚያ በታች ማድቀቅ ግን አያስፈልግም፤ ከብት ማመስኳት አለበት።) ለዚህ ሥራ የተሠራው ማሽን ደግሞ ከሦስቱ ፎቶዎች ውስጥ የለም። አገር ውስጥ ያለው ነው፤ የወተት ላም የሚያረቡ ሰዎች «ቾፐር» የሚሉት፣ ትልቅ ጎማ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ቢላ የታሰረበት። በእጅ የሚዞር አለው፣ በሞተር የሚዞር አለው። መዶሻና ወንፊት ያለው ደግሞ ደረቁን አገዳና ቀጭኑን የጫት እንጨት ያደቅቃል።

ገረባን ለከብት ከሚከትፍ ሰው ጋር አንድ ነገር እንነጋገር። ጫት ላይ ፀረ ተባይ እንደሚረጭ የታወቀ ነው፤ ቅሪቱ ቅጠሉ ላይ እንደሚገኝ ያሳዩ የአገር ውስጥ ጥናቶችም አሉ። ከማን ማሳ እንደመጣ የማይታወቅ የገበያ ገረባ ለምታለብ ላም ከመስጠት ለኮምፖስት ቢሄድ እመርጣለሁ። ለኮምፖስት ሲሆንም እንጨቱ ብቻውን አይበሰብስም፤ ከፍግና ከእርጥብ ቅጠል ጋር ይቀላቀላል። እንዲሁ ከአፈር ጋር ቢያርሱት መጀመሪያ የአፈሩን ናይትሮጅን እሱ ይበላዋል፤ ቡናው ቢጫ ይሆናል። ከላይ ጉዝጓዝ ሆኖ ሲነጠፍ ግን እርጥበት ይይዛል፤ በበጋ ያ ለቡናም ለጫትም ትልቅ ነገር ነው።

ቾፐር ግን እጅ ይቆርጣል። ይህን ሳልል ባልፍ ጽሑፉ ባይጻፍ ይሻላል። ሕንድና ፓኪስታን ውስጥ ይኸው ማሽን በየመንደሩ አለ፤ የሐኪሞች መጽሔቶች ውስጥ የሚነበበው ደግሞ በእሱ የተቆረጠ ጣትና እጅ ነው፤ ብዙዎቹ ሕፃናት። አፉ አጭር የሆነ፣ ቢላው በዓይን የሚታይ ማሽን በነፃም ቢሰጥ አይወሰድም። ከአፉ ጫፍ እስከ ቢላው ያለው ርቀት ከአዋቂ ክንድ መርዘም አለበት። ቺንጋው በቆርቆሮ መሸፈን አለበት፤ ሽርጥ የለበሰ ወንድ፣ ሻሽና ነጠላ ያጣፋች ሴት በሚሠሩበት ቦታ ጨርቅ የሚይዘው መጀመሪያ ቺንጋው ነው። ማጥፊያው ከሚያጎርሰው ሰው እጅ አጠገብ ይሁን። ብየዳ ቤት የሚሠራው ማሽን ላይ ይህን ሁሉ ማስጨመር ይቻላል፤ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ታዲያ ለምን አይጨመርም? ገዢው ስለማይጠይቅ ነው። ምርቃና ላይ ያለ ሰው ደግሞ ማሽን አያጎርስ፤ ጉልበት የበዛለት ይመስለዋል፣ እጁ ግን ይፈጥናል።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ የእኔ ሐሳብ ግልጽ ነው። የአንድ ግቢ አጥር በዓመት ሁለት ጊዜ ቢከረከም፣ ከቅንጭቡ ውጪ ያለው ቅርንጫፍ ለማሽን የአንድ ሁለት ቀን ሥራ ነው። የቀረውን ዓመት ማሽኑ ጓዳ ውስጥ ዶሮ ይሰፍርበታል። ሚኒሶታ ያለው ጎረቤት ይህን ችሎ የሚገዛው ቦታም ገንዘብም ስላለው ነው። በደሳ የሚያስፈልጋት የግቢ ማሽን ሳይሆን የወፍጮ ቤት ዓይነት ነው። ሰው እህሉን ተሸክሞ ሄዶ አስፈጭቶ በኪሎ እንደሚከፍለው፣ አገዳውን ወስዶ አስከትፎ በጆንያ ይክፈል። ወፍጮ ቤት ቀድሞውኑ ጠንካራ ሞተር አለው፤ ከሰዓት በኋላ እህል በማይኖርበት ጊዜ ቾፐሩን በቺንጋ ማዞር ይችላል። ማሽኑ ግን ከዱቄቱ ክፍል ውጪ፣ ለብቻው ዳስ ውስጥ ይሁን። ወይ ደግሞ አምስትና ስድስት ከብት አድላቢዎች እቁባቸውን ለዚህ ያውሉት።

ለዚያ ወጣት የነገርኩት ይሄንኑ ነው። የአክስቱ ልጅ ለመርከብና ለቀረጥ የምታወጣው ሲጨመር፣ ያ ብር እዚሁ አንድ ጠንካራ ቾፐር ሳይገዛ አይቀርም። «እሷ ግን ዕቃ እንጂ ብር አልክም ብላለች፤ ብር ትበላዋለህ አለችኝ» አለ። ይሄ እንግዲህ የዘመድ ጉዳይ ነው፤ ውስጥ አልገባም።

ለመግዛት የሚሄድ ሰው የራሱን ቅርንጫፍ ይዞ ይሂድ። አንድ እስር የማሽላ አገዳ፣ አንድ እስር የጫት እንጨት፣ ግማሹ እርጥብ ግማሹ ደረቅ። ሻጩ ራሱ የመረጠውን ደረቅ እንጨት አጉርሶ ቢያሳይ ምንም አላሳየም። ለሩብ ሰዓት ሳያቋርጥ ያሠራው፤ ከዚያ አጥፍቶ ኩሽኔታው የተቀመጠበትን ብረት በእጅ ይንካ፤ መዳፍ ማስቀመጥ ካልተቻለ ኩሽኔታው አልተስተካከለም። የኩሽኔታው ቁጥር ጎኑ ላይ ተጽፏል፤ ያ ቁጥር ጭሮ መለዋወጫ ቤት የሚገኝ መሆኑን ደውሎ ይጠይቅ። ቢላው በብሎን የታሰረ ይሁን፤ የተበየደ ቢላ ሲደነዝዝ ማሽኑን ይዞ ይሞታል። የመኪና ባሌስትራ ብረት ቆርጦ ቢላ የሚሠራ ባለሙያ አጠገብ ካለ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ቢላዎች ገና አዲስ ሳሉ ልካቸውን ወስዶ ሁለት ትርፍ ማሠራት ነው፤ ከደነዘዙና ከተሸራረፉ በኋላ ትክክለኛ ልካቸው አይገኝም።